እግርህን ፍታው፦ ከቆላፊ ወደ ጠፍጣፋ ፔዳል ስለ መቀየር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለዓመታት በጎዳና ብስክሌት ስወዳደር ስለቆየሁ ጫማን የሚቆልፍ ፔዳል ለምጃለሁ። አምና ከውጭ የመጣ ዘመዴ ያገለገለ የትራያልስ ብስክሌት ሰጠኝና ድንጋይና ግንድ ላይ መውጣት ጀመርኩ። የለመድኩትን ቆላፊ ፔዳል ገጠምኩበት። መዝለሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሚዛኔን ስስት እግሬ ሳይፈታ ከነብስክሌቱ እገነደሳለሁ። በቅርቡ የእጅ አንጓዬ አብጦ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያመኛል። ጠፍጣፋ ፔዳል ስሞክር ደግሞ ብስክሌቱ መሬት ላይ ይቀርና እኔ ብቻ እዘላለሁ። ልቀይር ወይስ ልታገሥ? ብቀይር ምን ዓይነት ፔዳልና ጫማ ይሻለኛል? ኃይሌስ አይቀንስም? ቆላፊውንስ ልሽጠው? እባክዎ ምክርዎን ይለግሱኝ።

ምላሽ፦

ወንድም ዓለም፣ ቀይር። ምክንያቱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ «ብስክሌቱ መሬት ላይ ይቀርና እኔ ብቻ እዘላለሁ» ብለሃል። አንተ ይህን የጠፍጣፋው ፔዳል ጉድለት አድርገህ ቆጥረኸዋል፤ እኔ ደግሞ በቆላፊው ላይ የቀረበ ምስክርነት አድርጌ አነበብኩት። እስከ ዛሬ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ብስክሌቱን ያነሣልህ የነበረው ጫማህ ሥር ያለው፣ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ክሊት የሚባል ቁራጭ ነው። ክሊቱ ሲወጣ ዝላዩም አብሮ ወጣ። እንግዲህ አዲስ ፔዳል መግጠም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያደክመው ክሊቱ ይሠራው የነበረውን ለእግርህ ማስተማሩ ነው።

ስለ ሌላው ሁሉ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ አንጓህ። እጅህን ዘርግተህ ወድቀህ ከሆነና ከአውራ ጣትህ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲጫኑት የሚያምህ ከሆነ፣ እብጠቱ ጠፋ ብለህ አትተወው። እዚያ ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ በመጀመሪያው ራጅ ላይ እንኳ ላትታይ ትችላለች፤ ካልተያዘች ደግሞ ሳትገጥም ልትቀርና ዕድሜ ልክ ልታስቸግር ትችላለች። ሐኪም ያይልህ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነበዋለህ።

ቆላፊው ፔዳል ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ማሰሪያ ሲሠራ ኖሮ፣ ያንኑ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ጎዳና ብስክሌት አመጣው። ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናርድ ሂኖ በማግሥቱ ዓመት ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ በእግሩ ሥር የነበረው ይኸው ፔዳል ነው። የጃፓኑ ሺማኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ለተራራ ብስክሌት ኤስፒዲ የተባለውን ቆላፊ አወጣ፤ የዚህኛው ክሊት ትንሽና በጫማው ሶል ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ከብስክሌት ወርዶ በእግር መሄድ ያስችላል። ሁለቱም የታሰቡት ለረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ ለሚሽከረከር እግር ነው።

ትራያልስ፣ እግር መሬት ሳያስነኩ መሰናክል ማለፍ የሚጠየቅበት፣ ከሌላ ቤት የተወለደ ስፖርት ነው። ሥሩ የሞተር ብስክሌት ትራያል ነው፤ በስፔን ካታሎንያ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረው ፔሬ ፒና መሰሎቹ ሞተሩን አውጥተው ለልጆቻቸው አቀረቡት፤ የፔሬ ልጅ ኦት ፒም ከመጀመሪያዎቹ የስፖርቱ ስመ ጥሮች አንዱ ሆነ። ዛሬ በዓለም ሻምፒዮና በ20 እና በ26 ኢንች ጎማ የሚወዳደሩትን ብታይ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቆሙት በጠፍጣፋ ፔዳል ላይ ነው። ታዋቂው የስኮትላንድ ብስክሌተኛ ዳኒ ማካስኪልም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው ታዲያ «እግር መሬት መንካት ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነ፣ ቢታሰር ምን አለበት?» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ጥሩ ይመስላል፤ ችግሩ መሬት የነካ እግር የሚያጠፋው ነጥብ ሲሆን ያልተፈታ እግር የሚያጠፋው አጥንት መሆኑ ነው። የድሮ ፈረሰኞቻችን እርካብ ውስጥ የሚያስገቡት የእግራቸውን አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ ፈረሱ ሲወድቅ አብሮ መጎተት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እግሩን ሙሉ በሙሉ ለብረት አያስረክብም።

አወዳደቅህን ልብ ብለህ አስበው። ቆላፊው የሚለቅህ ተረከዝህን ወደ ውጭ ከአሥር ዲግሪ በላይ ስታዞር ነው። ጎዳና ላይ መቼ እንደምትቆም ቀድመህ ስለምታውቅ አይቸግርህም። ድንጋይ ላይ ግን ሚዛንህን የምትስተው በቆምክበት ነው። ወደ ቀኝ ማዘንበል ስትጀምር መፈታት ያለበት ቀኝ እግርህ ነው፤ ክብደትህ ሁሉ የተጫነውም በዚያው እግር ላይ ነው። ክብደት የተሸከመ ተረከዝ ደግሞ በቀላሉ አይዞርም። በኋላ ጎማህ ላይ ቆመህ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ስትሄድ ነገሩ ይብሳል። እግሩ ነፃ የሆነ ሰው ሁለቱንም ወደ ኋላ አውርዶ፣ መሪውን እንደ ያዘ መሬት ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ ሲስቅ ታየዋለህ። የታሰረ ሰው የሚያርፈው በጅራት አጥንቱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሳትፈልግ የሚለቅህ ጊዜ አለ። ወደ ጎን ስትዘል ዳሌህ ስለሚዞር ተረከዝህም አብሮ ይዞራል፤ አየር ላይ እያለህ አንዱ እግር ተፈታ፣ ሌላው እንደ ታሰረ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ የከፋ አወዳደቅ በብስክሌት ላይ ብዙም አላውቅም። የመያዣውን ምንጭ አላልተህ፣ በብዙ አቅጣጫ የሚፈታ ክሊት ገጥመህ መቀጠል ትችላለህ የሚሉህ አይጠፉም። ያ ለጫካ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ለትራያልስ ግን በቀላሉ የሚለቅ ክሊት ስትዘል ይለቅሃል፤ አጥብቆ የሚይዝ ክሊት ስትወድቅ ይይዝሃል። መካከለኛው ቦታ ጠባብ ነው፤ ክሊቱ ሲያረጅና ጭቃ ሲገባበት ደግሞ ቦታውን ይቀይራል።

ስለ ኃይል የጠየቅከው የጎዳና ተወዳዳሪ ሁሉ ጥያቄ ነው። ከአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ብስክሌተኞችን በተራ የሩጫ ጫማ በጠፍጣፋ ፔዳል፣ በማሰሪያና በቆላፊ አስነድቶ የሚያወጡትን ጉልበት ለካ፤ በመካከለኛ ጥረት ላይ ልዩነት አልተገኘም። እግርህን ወደ ላይ መሳብህ ይሰጠኛል ብለህ የምታስበው ኃይል ከስሜቱ ያነሰ ነው። በሙሉ ጉልበት መጨረሻ መስመር ላይ ስትሽቀዳደም ሌላ ጉዳይ ይሆናል፤ እዚያ ቆላፊው ይጠቅምሃል፣ አልክድም። በትራያልስ ውስጥ ግን ፔዳሉ የሚዞረው ሩብ ዙር ያህል ብቻ ነው። የፊት እግርህን ከአግድም ትንሽ ከፍ አድርገህ ትጠብቃለህ፣ የኋላ ፍሬኑን በለቀቅክበት ቅጽበት ወደ ታች ትመታለህ፣ ብስክሌቱ ይፈናጠራል፣ እንደገና ፍሬን ትይዛለህ። ወደ ላይ የሚሳብ ነገር የት አለ? ማርሹም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ባለ 26 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ ከፊት 18፣ ከኋላ 15 ጥርስ ነው፤ በአንድ ምት ለመነሣት እንጂ ደብረ ኤልያስ ለመድረስ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያልታሰረ እግር ፔዳል ላይ እንዴት ይቆያል?

በሰበቃ ይቆያል፤ ሰበቃ ደግሞ ጫና ይፈልጋል። ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ብትዘል ጫናው ይጠፋል፣ ሰበቃውም ይጠፋል፣ ብስክሌቱም እንዳልከው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አየር ላይ ሳለህም የምትገፋው ነገር ያስፈልጋል። ምሥጢሩ የሚገፋውን አቅጣጫ መቀየር ነው። የእግርህን ጣቶች ወደ ታች፣ ተረከዝህን ወደ ላይ አድርገህ ፔዳሎቹን ወደ ኋላ ትገፋለህ። በዚያው ቅጽበት እጆችህ መሪውን ወደ ፊት ይገፋሉ። ሰውነትህ በመሪውና በፔዳሉ መካከል እንደ ተወጠረ ይቆያል፤ ብስክሌቱ ማምለጫ ያጣና ይከተልሃል። የኋላ ጎማው የሚነሣው የፊቱ ቀድሞ ስለ ወጣና አንተ መሪውን ወደ ፊት ስለ ገፋህ ነው፤ እግርህ የሚያደርገው ፔዳሉ እንዳያመልጥ ይዞ መከተል ነው።

ቆላፊ የለመደ ሰው ይህን አያደርግም። ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ጊዜ በእግሩ አንጠልጥሎ ያነሣል። ከፍታው የሚያስደስት ይመስላል፤ ግን ከጉልበት በላይ አይደርስም፤ ምክንያቱም የኋላ ጎማ የሚነሣው እግሩ በሳበው ልክ ብቻ ነው። በትክክል የሚዘል ሰው መጀመሪያ የፊት ጎማውን ወደ ደረቱ ያመጣል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ቀጥሎ መሪውን ገፍቶ የኋላውን ያስከትላል። ሦስቱ ነገሮች ተከታታይ ናቸው። በጠፍጣፋ ፔዳል ላይ ቅደም ተከተሉን ብታዛባ እግርህ ወዲያው ይነግርሃል፤ ክሊት ግን ይሸፍንልሃል።

ስትወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከድንጋይ ወደ ታች ስትወርድ ወይም ኮረኮንች ላይ ስትሄድ ተረከዝህን ዝቅ አድርገህ ፔዳሉን ወደ ፊት ግፋ። ጎማህ ጉድጓድ ሲመታ እግርህ ወደ ፔዳሉ ይበልጥ ይጣበቃል እንጂ አይፈናጠርም። ተረከዝህን ከፍ አድርገህ ከወረድክ ግን የመጀመሪያው ድንጋይ እግርህን ያወርድልሃል። እንግዲህ ወደ ላይ ሲሆን ጣት ወደ ታች፣ ወደ ታች ሲሆን ተረከዝ ወደ ታች። ቁርጭምጭሚትህ በዓመታት የጎዳና ብስክሌት ውድድር አንድ ቦታ ላይ ደርቋል፤ መጀመሪያ የሚታመምህ ባትህ ይሆናል፣ አትደንግጥ።

የእግር አቀማመጥህም ይቀየራል። በቆላፊ ላይ ክሊቱ የሚገጠመው ከጣቶችህ ሥር ባለው የውስጥ እግርህ ወፍራም ክፍል ላይ ነው፤ አንዳንድ የጎዳና ሰው እንዲያውም ወደ ጣቱ ያስጠጋዋል። በጠፍጣፋው ላይ ያ ወፍራም ክፍል ከፔዳሉ ፔርኖ (ፔዳሉ ከሚዞርበት ዘንግ) ትንሽ ወደ ፊት አልፎ እንዲያርፍ አድርግ። ባትህ ይረጋጋል፣ ስታርፍም ተረከዝህ አይሰምጥም። በኋላ ጎማ ላይ መንጠር ስትጀምር ጥቂት ወደ ኋላ መልሰህ ማስተካከል ትችላለህ፤ ብዙ ጎበዞች እንደዚያ ያደርጋሉ። የጉዳዩ ልኬት የጣት ስፋት ነው፤ በላዩ ላይ ብዙ አትጨነቅ። ልብ የምትለው እግርህን እየጎተትክ ማስተካከል አለመቻልህን ነው። ጥሩ ፒን፣ ከፔዳሉ ገጽ ብቅ ያለው ትንሽ ብረት፣ ሶሉን ነክሶ ይይዛል፤ እግርህን አንሥተህ እንደገና ማስቀመጥ አለብህ። ስትወርድም ተረከዝህን ለማዞር የሚቃጣህ ጊዜ ይኖራል። ያ የለመድከው መፍቻ እዚህ ምንም አይፈታም፤ እግርህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ብቻ አንሣ።

ወደ ፔዳል ግዢ እንሂድ። በመጀመሪያ ልክ። የተለመደው የፔዳል ጥርስ፣ ወደ ክንዱ እየዞረ የሚገባው ብረት ማለቴ ነው፣ ውፍረቱ 9/16 ኢንች ነው፤ ወደ 14.3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የፔዳል ክንዶቹ ከነመካከለኛው ብረት አንድ ወጥ የሆኑባቸው ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ደግሞ 1/2 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር አለ። የአንተ የመጀመሪያው ይሆናል፤ ቆላፊህ ከገባበት የተለመደው ጠፍጣፋም ይገባበታል። ሁለቱ ልኮች እርስ በእርስ አይተካኩም፤ በመዶሻ ለማግባባት የሚሞክር መካኒክ ካጋጠመህ ብስክሌትህን ይዘህ ውጣ።

ገበያችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለስላሳ ፕላስቲክ ፔዳል ነው፤ ፒን የለውም፣ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች በአንድ ወር ውስጥ ይላጣሉ። እሱን ገጥመህ «ጠፍጣፋ ፔዳል ያንሸራትታል» እንዳትለኝ። የምትፈልገው የብረት ፒን ያለው ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስምንትና ከዚያ በላይ ፒን፣ ከፔዳሉ ወለል አራት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ያለ። ፒኖቹ ከሥር በኩል በቁልፍ የሚፈቱ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ድንጋይ ሲመታቸው ጫፋቸው ይጨፈለቃልና ከላይ የሚፈታው ዓይነት ቁልፍ አያስገባም። የወለሉ መሐል ከዳሩ ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆን እግር ይሰበስባል። የብረቱ ጉዳይ እንደ ኪስህ ነው። አሉሚኒየም ይበረታል፤ የብረት ፒን የተተከለበት ጠንካራ ናይለን ግን ዋጋው ዝቅተኛ ከመሆኑም በላይ ድንጋይ ሲነካ ስለሚንሸራተት ለጀማሪ እኔ እሱን እመርጣለሁ። በጣም ሰፊ ፔዳል አትግዛ፤ በሁለት ድንጋይ መካከል ስታልፍ ዳሩ ይያዝብሃል። በአንድ ገጽ ቆላፊ፣ በሌላ ገጽ ጠፍጣፋ የሆነውንም ተው፤ በሚያስፈልግህ ጊዜ ሁልጊዜ የማትፈልገው ገጽ ነው የሚገጥምህ። የድሮዎቹ ትራያልሰኞች የሚነዱበት በሁለት የተጠረሰ ቆርቆሮ የታጠረ ክፍት ፔዳል ካጋጠመህ ግን አትናቀው፤ ቀላል ነው፣ ጭቃም አይዝም።

መግጠሙ ላይ ብዙ የፔዳል ክንድ ሲበላሽ አያለሁ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ እየዞረ ይጠብቃል፤ የግራው ጥርስ ግን በተቃራኒው የተቆረጠ ነው። ግራ ከገባህ ይህን ያዝ፦ ቁልፉን ከፔዳሉ በላይ ቀጥ አድርገህ ስትይዘው፣ በሁለቱም በኩል ወደ ፊት ጎማ ስትገፋው ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ጎማ ስትስበው ይላላል። ቆላፊህ ከክንዱ ጀርባ በኩል በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ፣ የምታየው ከጀርባ ስለሆነ መዞሪያው የተገለበጠ ይመስልሃል፤ አትታለል። ጥርሱን በጨርቅ አጽዳ፣ ግራሶ ቀባ፣ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣትህ ብቻ አስገባ። በጣት ካልገባ አጣምመኸዋል። የክንዱ አሉሚኒየም ከፔዳሉ ብረት የለሰለሰ ስለሆነ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ክንዱ ነው። መጨረሻ ላይ በ15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ በደንብ አጥብቅ፤ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላም እንደገና አጥብቀው።

ጫማው ከፔዳሉ ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣል። የሚፈለገው ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ጎማው ለስለስ ያለ፣ መሐሉ ግን በቀላሉ የማይታጠፍ ጫማ ነው። ፋይቭ ቴን የሚባለው ስም በብስክሌተኞች አፍ የሚዘወተረው ለዓለት መውጫ ጫማ የሠራውን የሚጣበቅ ጎማ ወደ ብስክሌት ጫማ ስላመጣው ነው፤ ዛሬ የአዲዳስ ንብረት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ እሱን ፍለጋ አትድከም። ሰልባጅ ተራ ገብተህ ለስኬትቦርድ የተሠራ ጫማ ብታገኝ ይበቃሃል፤ እንደ ቫንስ ያለው፣ ሶሉ የማር እንጀራ የመሰለ ቅርጽ ያለው። የሩጫ ጫማ አይሆንም፤ ተረከዙ ወፍራም፣ መሐሉ ሰርጓዳ ስለሆነ ፒኖቹ የሚነክሱት ያጣሉ። ሸራ ጫማ ለመጀመር ያገለግላል፤ ግን ሶሉ ስስ ስለሆነ ፒኖቹ እየተሰሙህ ውስጥ እግርህ ይዝላል፣ ጣትህንም ከድንጋይ አያድንም። የገጠር ልጆች በኮንጎ ጫማ ብስክሌት ሲነዱ አይቼ አደንቃለሁ፤ አንተ ግን አትሞክረው። በረባሶስ የጎማ ልጅ አይደለም ወይ የሚለኝ ቀልደኛ አይጠፋም፤ ጎማው የመኪና ነው፣ ድርቅ ያለ ነው፣ ተረከዝ የሚይዝም ነገር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ የትራያልስ ብስክሌቶች ላይ ያለ ፔዳል የሚያሽከረክረው ነፃ ማርሽ የተገጠመው ከኋላ ጎማ ሳይሆን ከፊት፣ ከፔዳሉ ዘንድ ነው። በዚያ ምክንያት እግርህ ባይንቀሳቀስ እንኳ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ካቴናው ይዞራል። የጎዳና ሰው ይህን አይጠብቅም። የቆላፊ ጫማህ በማሰሪያ ወይም በመቆለፊያ የሚዘጋ ስለነበር ስለ ክር አስበህ አታውቅም፤ አሁን የጫማህን ክር በደንብ አስገባ፣ የሱሪህንም ጫፍ እሰር። ብስክሌቱን እየገፋህም ጣትህን ወደ ካቴናው አታስጠጋ።

ልምምዱን ከከፍታ አትጀምር። ድንጋዮቹን ለጥቂት ሳምንት ተዋቸውና ሣር ሜዳ ላይ ውጣ። መጀመሪያ በቦታህ መቆም፤ የፔዳል ክንዶቹ አግድም፣ የፊት ጎማው ወደ ፊተኛው እግርህ በኩል ትንሽ የዞረ፣ መሬቱ ጥቂት ወደ ላይ ያዘነበለ ይሁን። ይህን በቆላፊ እንደምትችለው አውቃለሁ፤ አሁን ግን እግርህ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ተመልከት። ከዚያ በእርምጃ ፍጥነት እየሄድክ፣ የፊት ፍሬን ሳትነካ፣ የኋላ ጎማውን ብቻ አንሣ። ጣት ወደ ታች፣ ፔዳል ወደ ኋላ፣ ክብደት ወደ መሪው። መጀመሪያ ቀን አንድ ስንዝር እንኳ ላይነሣ ይችላል። አታዝን፤ ከሁሉም ልምምድ ይበልጥ ጊዜ ልትሰጠው የሚገባህ ይህን ነው፤ ይህ ከገባህ የቀረው ሁሉ ይከተላል። የኋላው ሲነሣልህ የፊቱን ብቻ ማንሣት ለይተህ ተለማመድ፣ ቀጥለህ ሁለቱን አገናኛቸው። መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ ዝለል፤ ከዚያ ቀጭን የባህር ዛፍ አጣና፤ ጎጃም ውስጥ ግንድ አጣሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከዚያ የመንገድ ጠርዝ።

ከፍታ የምትጨምርበትን ጊዜ እግርህ ይወስነዋል። በዝላዩ መካከል እግርህ ከፔዳሉ ከተለየ፣ ግንዱን ብታልፈውም እንዳላለፍከው ቁጠረው፤ ዝቅ ወዳለው ተመለስ። ጓደኞችህ ቪዲዮ ሲያነሡህ ይህን ሕግ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ብቻህን ወይም ከአንድ አስተዋይ ሰው ጋር ተለማመድ። የጎዳና ውድድር ልምምድህን በዚያው ሰሞን ካላቋረጥክ፣ በሁለቱ ብስክሌቶች መካከል እግርህ ይደናገራል፤ ቢቻል ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎዳናውን ቀነስ አድርግ።

ስለ ወቅት ከምነግርህ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስሉ። ዋልካ አፈር በክሊት ውስጥ ሲጠቀጠቅ ቆላፊው ወይ አይቆልፍም ወይ አይፈታም፤ ይህም ለመቀየር አንድ ምክንያት ነው። ጠፍጣፋው ፔዳል ግን ከጭቃ ነፃ ያወጣል ብዬ አልዋሽህም። ዋልካ የተለወሰ ሶል በየትኛውም ፒን ላይ ይንሸራተታል። በትንሽ እንጨት ሶልህን ጠርገህ ውጣ፤ ጥቁሩ ድንጋይም ሽበት ሲያበቅልና ሲረጥብ ጎማህን አይይዝልህምና ለበጋ አቆየው። ልጡ የተላጠ እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትውጣ። በክረምት የሚሻለው ደረቅ ሲሚንቶና ኮብልስቶን ነው፤ ዝናብ ባባራ በሰዓት ውስጥ ኮብልስቶኑ ይደርቃል፣ ጠርዙም ለመንጠር ይመቻል። መስከረም ሲጠባ ወደ ባሕር ዳር ብቅ ብትል ቤዛዊት ኮረብታ አካባቢ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳርቻም ለሥራህ የሚሆን ድንጋይ አታጣም። የገበሬ ካብ ላይ ግን አትውጣ፤ ያ ካብ የተሠራው አፈር ለመያዝ ነው።

የጠፍጣፋ ፔዳል ዋጋ የሚከፈለው በቅልጥም ነው። እግርህ ሲንሸራተት ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥምህን ይመታል፤ ፒኑ ቆዳ ይቀዳል። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካልሲ ሥር የሚያስገቡትን የቅልጥም መከላከያ ግዛ፤ ረጅም ካልሲ ደርብበት። የራስ ቁር እንደምታደርግ አምናለሁ። ከተቆረጥክ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠበው፤ ጠለቅ ያለ ከሆነ፣ በተለይ አፈርና ፍግ ባለበት ቦታ ላይ ከወደቅክ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትህን አሳይ። ይህ በውዴታ የሚተው ነገር አይደለም፤ የምንነዳው ከብት በሚውልበት መሬት ላይ ነው።

ቆላፊውን አትሽጠው። ከትራያልስ ብስክሌትህ ፈትተህ ወደ ጎዳናው መልሰው፤ እዚያ ተገቢ ቦታው ነው። መልሰህ ስትገጥመው የክሊቱን ጠርዝ እይ። ድንጋይ ላይ ስትረግጥበት ስለከረምክ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ የተበላ ክሊት በጎዳና ውድድር መጨረሻ ላይ፣ ተነሥተህ ስትሽቀዳደም ሊለቅህ ይችላል። ተበልቶ ከሆነ የክሊቱን ጥንድ ብቻ ቀይር፤ ፔዳሉ ያገለግልሃል። ያን ጊዜም የክሊቱን ቡሎኖች ግራሶ ቀብተህ ይፈቱ እንደሆነ ሞክር፤ ዝገው ከቀሩ ክሊቱን መቀየር ይቸግርሃል።